ፕሪንተሩ «ቆይ» የሚልበት ሽቦ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማይክሮኮምፒውተር የገዛ ሰው የጻፈውን በስክሪን ላይ ለማየት ብዙም አይቸገርም ነበር። ያንኑ ጽሑፍ በወረቀት ላይ ላውጣው ሲል ግን መከራው ይጀምራል። የተገዛው ፕሪንተር ወይ ጭጭ ይላል፣ ወይ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይተፋል፣ አለዚያም በደንብ ጀምሮ መሃል ላይ ቃላት ይውጣል። ይህን ሁሉ በዘመኑ ቴክኖሎጂ ኋላቀርነት ማሳበብ ይቀናል። እኔ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር እላለሁ። ፊደል ከኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተሩ የሚሄድበት መንገድ በሚገባ የታሰበበት ነበር፤ ፕሪንተሩ «ቆይ» ብሎ የሚመልስበት መንገድ ግን ሁሉም የተስማማበት ሥርዓት አልነበረውም።

የመሄጃው መንገድ ብልሃት ዛሬም ያስደንቃል። በሲሪያል ግንኙነት የአንድ ፊደል ቢቶች በአንድ ሽቦ ላይ ተራ በተራ ይጓዛሉ። ሽቦው ሥራ ሲፈታ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ይይዛል። ድንገት ወደ ፖዘቲቭ ሲዘል ተቀባዩ ፊደል እየመጣ መሆኑን ያውቅና ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በእኩል የጊዜ ልዩነት ቮልቴጁን ይለካል፤ ኔጌቲቭ ሆኖ ካገኘው 1፣ ፖዘቲቭ ከሆነ 0 ብሎ ይመዘግባል። የመነሻና የመዝጊያ ምልክቱ ሲታከልበት አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ 10 ቢት ይፈጃል፤ ስለዚህ በ1200 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 1200 ቢት፣ በሰከንድ 120 ፊደል ያልፋል ማለት ነው። የሁለቱ መሣሪያዎች ፍጥነት ካልተመሳሰለ ያ ዝብርቅርቅ ይወጣል፤ ማስተካከያው ግን ፍጥነቱን ማመሳሰል ብቻ ነው።

ጭጭ የሚለው ፕሪንተር ደግሞ የታሪክ ውርስ ሰለባ ነው። አርኤስ-232 የተባለው ደረጃ በ1960 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ያሰበው ተርሚናልን ከሞደም ጋር ስለማገናኘት እንጂ ስለ ማይክሮኮምፒውተርና ስለ ፕሪንተር አልነበረም፤ ማይክሮኮምፒውተር ገና አልተፈጠረማ። ባለ 25 ፒኑ ሶኬት ላይ ተርሚናል በፒን 2 ይልካል፣ በፒን 3 ይቀበላል። ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም ራሳቸውን እንደ ተርሚናል ቆጥረው ከተሠሩ ሁለቱም በአንድ ሽቦ ይናገራሉ፣ በሌላው ሽቦ ደግሞ ሁለቱም ያዳምጣሉ። የገመዱን 2 እና 3 ማጠላለፍ ይህን ይፈታል። ይህም ቢሆን ወዲያው የሚታይ፣ በብየዳ ብረት የሚድን ችግር ነው።

አታላዩ ሦስተኛው ነው። በ1980 የወጣው ኤፕሰን ኤምኤክስ-80 በሰከንድ 80 ፊደል ያትማል። በዚህ ፍጥነት የሚሠራና 2048 ፊደል የሚይዝ ባፈር ያለው ፕሪንተር በ1200 ባውድ ቢገናኝ፣ በየሰከንዱ 120 ፊደል ይገባል፣ 80 ይወጣል፣ 40 ይጠራቀማል። ባፈሩ የሚሞላው ከ51 ሰከንድ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የተላከው ከ6000 በላይ ፊደል ሁሉ ደህና ይታተማል። አንድ ገጽ 3000 ፊደል ገደማ ቢይዝ፣ ሁለት ገጽ ያለ እንከን ይወጣና በሦስተኛው ላይ ከሦስት ፊደል አንዱ መጥፋት ይጀምራል። በአጭር ደብዳቤ የሞከረው ባለቤት ገመዱ ትክክል ነው ብሎ ይምላል።

መድኃኒቱ ፕሪንተሩ ባፈሩ ሳይሞላ ላኪውን እንዲያስቆም ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ግን እያንዳንዱ አምራች በየፊናው ሄደ። አንዱ በፒን 20 ላይ ቮልቴጁን ይቀይራል፣ ሌላው በፒን 11 ወይም 19። አንዳንዱ በመመለሻው ሽቦ የቁጥር 19ን ኮድ ልኮ ያስቆማል፣ በ17 ያስቀጥላል፤ ይህ ደግሞ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ጆሮውን ካልሰጠ ከንቱ ነው። ወርድስታር የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲጫን ፕሪንተሩ የሚጠቀምበትን የማስቆሚያ ስልት ተጠቃሚውን ይጠይቅ ነበር። ደብዳቤ ሊጽፍ የተቀመጠን ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ፣ መሐንዲሶቹ ሳይስማሙበት የተዉትን ጉዳይ በሱ ጫንቃ ላይ መጣል ነው።

ፍጥነቱን መቀነስ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። የ1975ቱ ማይክሮኮምፒውተር የአልቴር 8800 ባለቤቶች ይጠቀሙበት የነበረው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በ110 ባውድ በሰከንድ 10 ፊደል እየተቀበለ፣ በዚያው ልክ እያተመ ያለ «ቆይ» ይሠራ ነበር። ሆኖም የማተሚያው ጭንቅላት ወደ መስመር መጀመሪያ ለመመለስ ከአንድ ፊደል ጊዜ በላይ ይፈጅበታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የመመለሻው፣ ቀጥሎ ወረቀት የማንቀሳቀሻው ትእዛዝ የሚላከው፤ ወረቀቱ ሲንቀሳቀስ ጭንቅላቱ ጊዜ ያገኛል። በኋላ በመጡት ፊደላቸው በመንኮራኩር ዙሪያ በተደረደረ ማተሚያዎች ደግሞ የእያንዳንዱ ፊደል ጊዜ መንኮራኩሩ በሚዞረው ርቀት ይለያያል፣ አዲስ ገጽ መሳብ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ለዘገምተኛው ቅጽበት ሲባል ሁሉን ማዝገም ማሽኑን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የሴንትሮኒክስ ፓራለል ግንኙነት ገበያውን የወሰደው ስምንት ቢት በአንዴ ስለሚልክ አይደለም ወይ? በሰከንድ 80 ፊደል ለሚያትም ማሽን ግን ተራው የሲሪያል መስመርም ይተርፈዋል፤ በዚያ ላይ የሲሪያል ገመድ ይበልጥ ሊረዝም ይችላል። የሴንትሮኒክስ ትልቁ ጥቅም «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለው ሽቦ ቦታው ከመጀመሪያው የታወቀ መሆኑ ነበር። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ በ1996 የመጣው ዩኤስቢ ነው። ቢቶችን ተራ በተራ የሚልክ ሲሪያል ሆኖ ሳለ ፓራለሉን ከፕሪንተሮች ጀርባ ነቅሎ አስወጣ፤ በዩኤስቢ ደንብ መሠረት ፕሪንተሩ ለተላከለት የመረጃ ጥቅል ወይ «ደርሶኛል» ወይ «አሁን አልችልም» ብሎ ይመልሳል፣ ኮምፒውተሩም ያልተቀበለውን መልሶ ይልካል።