ሶፍትዌሩ «19 ዓመት» አለኝ፣ ብየዳው በ5 ወሩ ተሰነጠቀ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ሹፌሩ ነው። «ኢንጂነር፣ ቶሎ ናና እያት እስኪ» ብሎኝ ዘጋው።

ላፍቶ፣ የምሠራበት ጋራዥ ስደርስ አይሱዙዋ በሩ ላይ ቆማለች። ሹፌሩ ከሥሯ ገብቶ በስልኩ ባትሪ እያበራ ነው። እኔም ጎንበስ ብዬ ገባሁ። የሮቶዎቹ መቀመጫ እግር የተበየደበት ጥግ ላይ፣ ቀለሙን ሰንጥቆ የወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር አየሁ። በጣቴ ጠረግኩት፤ አልጠፋም። ስንጥቅ ነው።

ያንን መቀመጫ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ከተሠራ ገና 5 ወሩ ነው። ሶፍትዌሩ ግን 19 ዓመት ያገለግላል ብሎኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲጠፋ ሮቶ የጫነች መኪና ይጠራል። የኛ ጋራዥ ሁለት ባለ 1 ሺህ ሊትር ሮቶ የሚሸከም የብረት መቀመጫ እንዲሠራ ታዘዘ። 2 ሺህ ሊትር ውሃ ማለት 2 ቶን ነው። ከኋላ ደግሞ የውሃውን ጎማ ይዞ የሚቀመጥ ረዳት አለ። መቀመጫው ዳገት ላይ ቢለቅ፣ 2ቱ ቶን የሚንሸራተተው ወደሱ ነው።

ድሮ ቢሆን በያጁ በልምዱ አንጎላሬ ቆርጦ ይበይደው ነበር። እኔ ግን ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ የወጣሁ፣ ላፕቶፔ ላይ የብረት ድካም የሚያሰላ ሶፍትዌር የጫንኩ ልጅ ነኝ። «ጋሼ፣ ይሄማ በኮምፒውተር ይሰላ» አልኩ። ባለ ጋራዡም «ይሁን፣ የተማርክበት ነው» አሉኝ።

የብረት ድካም ምን መሰላችሁ? ቀጭን ሽቦ በእጃችሁ ጎትታችሁ ለመበጠስ ሞክሩ፤ እንቢ ይላል። ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት ግን ጥቂት ቆይቶ ቀጭ ይላል። ብረት አንዴ የሚችለውን ጭነት መቶ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ላይችለው ይችላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ብቻ አይተውም፤ «ጭነቱ እንዴት ሲጨምርና ሲቀንስ ይውላል?» ብሎም ይጠይቃል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ የጭነት ታሪክ፣ በሙያው ቋንቋ «ሎድ ሂስትሪ» ይባላል።

ታሪኩን ከየት አመጣሁ? ከስልኬ። ስልካችሁን ስታጋድሙት ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው፣ ውስጡ አክስለሮሜትር የሚባል እንቅስቃሴ ለኪ ስላለው ነው። በጀርመኑ አኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ፋይፎክስ የሚባል ነጻ አፕ ልኬቱን ቀድቶ በፋይል ያወጣላችኋል። ባለመኪናው ተመሳሳይ መኪና ስለነበረችው፣ ስልኬን ከሷ ሻንሲ ጋር በፕላስተር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ሮቶዎቹ ተሞሉ፤ ቀለበት መንገዱ ላይ 10 ደቂቃ ነዳን። ፋይሉን ለሶፍትዌሩ ሰጠሁና «ይህንኑ እየደጋገምክ ቁጠር» አልኩት። 19 ዓመት አለ። እኔም በኩራት ተናገርኩ።

ስንጥቁን ያየሁ ዕለት ማታ ፋይሉን እንደገና ከፈትኩት። ሒሳቡ ልክ ነው። ውሸቱ ያለው ታሪኩ ላይ ነው።

አንደኛ፣ መንገዱ። ቀለበት መንገድ አስፋልት ነው። መኪናዋ ግን ውሃ የምታደርሰው ኮብልስቶን በተነጠፈባቸው የውስጥ መንገዶች ነው። ብየዳ ላይ ደግሞ ሕጉ ጨካኝ ነው፤ የሚመላለሰው ውጥረት 2 እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል፤ 3 እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ሃያ ሰባተኛ። እንደ ኢንተርኔት ጥቅል አስቡት። እያንዳንዱ ንቅናቄ ከብረቱ ዕድሜ ትንሽ ይቀንሳል፤ ትልልቁ ግን እንደ ቪዲዮ ነው፣ ይግጠዋል። ይህ የመደመር ስሌት አሜሪካዊው ማይነር በ1945 ያስታወቀው ነው፤ ዛሬም ሶፍትዌሮቹ ይሠሩበታል።

ሁለተኛውና ከባዱ ስህተቴ፣ የቀዳሁት ሮቶው ሙሉ ሆኖ ብቻ መሆኑ ነው። መኪናዋ ሙሉ ትሄዳለች፣ ባዶ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሞላለች። ለመቀመጫው ትልቁ መታጠፍ ይሄ ከባዶ ወደ ሙሉ መመላለስ ነው። በኔ ፋይል ውስጥ ግን አንዴም የለም።

ሶፍትዌሩ ንቅናቄዎቹን የሚቆጥረው «የዝናብ ፍሰት» በሚባል ዘዴ ነው። ጃፓናውያኑ ማትሱይሺና ኤንዶ በ1968 ያቀረቡት ነው። ግራፉን አቁማችሁ፣ ውሃ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ሲወርድ አስቡት። ዘዴው በመሃል ሰዓታት ቢያልፉም ዝቅተኛውን ነጥብ ከከፍተኛው ጋር ያገናኛል። ነገር ግን ያልተቀዳ ነጥብ ከየት ያምጣ?

በዚህ ስህተት የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም፤ በሰው ሕይወት የተከፈለበትም አለ። በ1954 ኮሜት የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄቶች በወራት ልዩነት አየር ላይ ተበታተኑ። መርማሪዎቹ የአንድ ኮሜት አካል የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በውሃ ግፊት እየነፉ እያስተነፈሱ ፈተኑት። ቀድሞ የበረራቸው ጉዞዎች ተጨምረው 3 ሺህ ዙር ገደማ ላይ ተቀደደ። የአውሮፕላን አካል በየበረራው አንዴ ይነፋል፣ አንዴ ይተነፍሳል። ከቦሌ ባሕር ዳር የሚበርም፣ ከቦሌ በቀጥታ ቤጂንግ የሚበርም አንድ አንድ ዙር ይቆጠርበታል። የአጭር መስመር አውሮፕላን በሰዓት ሲታይ የበለጠ የሚደክመው ለዚህ ነው። የኛም አይሱዙ እንደዚያው ናት፤ በሞላች ቁጥር አንድ ዙር።

በማግስቱ ባለ ጋራዡ ፊት ቆምኩ። «ጋሼ፣ ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ። ዝም ብለው ቆዩና «ሰው ሳይጎዳ ነገርከኝ። አሁን አስተካክል» አሉኝ።

ሹፌሩ ግን አልማረኝም። «በቀን ስንቴ እንደምሞላ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያንገጫግጨኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ለምን አልጠየቅከኝም?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ጀርመናዊው ቮለር እንኳ ከ160 ዓመት በፊት የባቡር አክሰል ለምን እንደሚሰበር ሲያጠና፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ አልገመተም፤ መለኪያ ሠርቶ እውነተኛ ጉዞ ላይ ነው የለካው።

መኪናዋ ከሥራ ወጣች። በተመሳሳይዋ ላይ፣ ስልኬን ከፓወር ባንክ ጋር አስሬ ከጠዋት እስከ ማታ ከሹፌሩ ጋር ዋልኩ። ቅጂውን በ3 ከፈልኩት፦ ሙሉ በአስፋልት፣ ሙሉ በኮብልስቶን፣ ባዶ። እያንዳንዱ በቀን ስንቴ እንደሚደጋገም ጻፍኩ። ለየጉዞው አንድ የመሙላትና የመጉደል ዙር ጨመርኩ። አሮጌውን ንድፍ በዚህ ታሪክ ሳሰላው መልሱ 7 ወር ሆነ። ለድካም ስሌት ከ5 ወር ብዙም አልራቀም።

አዲሱ መቀመጫ ጥጉ ላይ አልተበየደም። ውጥረቱ ከሚበዛበት ቦታ ብየዳውን አርቀን፣ ሰፊ ላሜራ ደግፈንበት፣ እግሩን በቡሎን አሰርነው። በያጁ «መጀመሪያም እንዲህ ነበር የምሠራው» አለና ሳቀብኝ።

እናንተም መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ካላችሁ አልፎ አልፎ በስልካችሁ ባትሪ ብየዳዎቹን እዩ። ከቀለሙ ሥር ቀጭን የዝገት መስመር ካያችሁ ቀለም አትቀቡበት፤ አቁማችሁ አስመርምሩ።

ሹፌሩ አሁን በየማታው በቴሌግራም አንድ ቁጥር ይልክልኛል። እኔም ከድምሩ ላይ ጨምሬ፣ በየወሩ ከሥሯ ገብቼ አያታለሁ። ትናንት ማታ የላከልኝ «ዛሬ 6 ጊዜ ሞላሁ፣ አንዷ ኮብልስቶኑ የፈረሰበት መንገድ ነው» ይላል። ጻፍኩት።