ስለ ቻይና መርፌና ስለ ዋግምት

በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ወገቡን የታመመ ሰው መካሪ አያጣም። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ መጥቶ የሰፈረው ጎረቤት ዋግምት ይመክረዋል፤ ሙስሊሙ ጎረቤት «ሒጃማ ይሻልሃል» ይለዋል፤ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰውም የቻይናን መርፌ ያወራለታል። ይህን የመጨረሻውን የሰሙ ምእመናን ግን «ከባዕድ አምልኮ የተያያዘ አይደለምን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው የሚናቅ ስላልሆነ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

«አኩፓንክቸር» የሚለው ስም ከቻይና የመጣ አይደለም። ቴን ራይን የተባለው የሆላንድ ሐኪም በጃፓን አገር ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1683 ባሳተመ ጊዜ ከላቲን ያወጣለት ስም ነው፤ «አኩስ» መርፌ፥ «ፑንክቱራ» መውጋት ማለት ነውና። ቻይናውያን «ዠንጂው» ይሉታል። «ዠን» መርፌው ሲሆን «ጂው» ደግሞ የደረቀ ቅጠል አጢሶ በሙቀቱ መተኮስ ነው። ቅጠሉም በበዓል ቀን ቤታችንን ከምናውድበት ከአሪቲ ጋር አንድ ወገን መሆኑ ያስደንቃል።

የጥበቡን ዕድሜ የሚመሰክር መቃብር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ113 ዓመት የሞተው ልዑል ልዩ ሼንግ የተቀበረበት ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲከፈት፥ አራት የወርቅና አምስት የብር መርፌዎች ተገኝተውበታል። የጥንት መምህራኖቻቸው «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ በመሥመር ይፈስሳል፤ ሲታገድ ሰው ይታመማል፤ መርፌውም መንገዱን ይከፍታል ብለው አስተማሩ። ሆኖም ቻይናም ብትሆን ሁልጊዜ አላከበረችውም፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ንጉሠ ነገሥቱ ዳዎጓንግ ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲወጣ አዝዞ ነበር።

የዛሬ ሐኪሞች አካልን ከፍተው ሲመረምሩ እነዚያን መሥመሮች አላገኟቸውም። መርፌው ሥራ ቢሠራ ነርቭን በመቀስቀስ ነው ይላሉ። ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም፥ ለራስ ምታትም የተወሰነ እፎይታ እንደሚሰጥ ተፈትኖ ታይቷል፤ ነገር ግን የማስመሰያ መርፌ ከተደረገላቸው ሕሙማን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዲህ ጥንቆላ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዝዛል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ድግምትና የመናፍስት ጥሪ ያልተቀላቀለበትን መርፌ ምእመን የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም። «ቺ» የሚለውን ትምህርት ሳይቀበሉ መታከም ይቻላልና።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ የለመድነው ዋግምት ነው። ዋጋሚው ቆዳውን በምላጭ ይበጣል፤ ጫፉ የተበሳ ቀንድ ይደፋበታል፤ አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል፤ ደሙም ወደ ቀንዱ ይሰበሰባል። አባቶቻችን ለብርድና ለራስ ምታት ይጠቀሙበት ነበር፤ የዋጋሚውም እጅ የተመሰገነ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ምላጭ ሁለት ሰው ከተበጣ፥ ኤች.አይ.ቪ. እና ጉበትን የሚጎዳው ቫይረስ ከአንዱ ደም ወደ ሌላው ሊተላለፉ እንደሚችሉ እናውቃለን። የሕፃናትን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀልማ ከዚህም የከፋ ነው፤ ሕፃኑ እምቢ ማለት አይችልምና። ቻይናዊውን መርፌ በጥርጣሬ የምታይ እናት የልጅዋን አፍ ለማይታጠብ ብረት ስትከፍት ማየት ያሳዝናል።

ከቻይና የሄናን ክፍለ ሀገር የሕክምና ጓዶች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ አገራችን ይላካሉ፤ በአዲስ አበባ በአቃቂ በሚገኘው በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም በመርፌ ያክማሉ። ከአሶሳ ግን መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሕመምተኛው አስቀድሞ በአሶሳ ሆስፒታል ይመርመር። የወገብ ሕመም አንዳንድ ጊዜ የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም ለወራት በሚዋጥ መድኃኒት የሚድን ነው። መርፌው ወይም ዋግምቱ ሕመሙን ለጥቂት ቀን ቢያስታግሰው፥ ነቀርሳው በዚያው ጊዜ አጥንቱን መብላቱን አይተውም።