ገና ያልመጣውን ባለጉዳይ መቁጠር

ዕድር ዕዳውን ወዲያው ያውቃል። አባል ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘቡም በዚያው ሰሞን ወጥቶ ሒሳቡ ይዘጋል። ኢንሹራንስ ኩባንያ እንዲህ አልታደለም። በመስከረም የደረሰ ግጭት በኅዳር ሊነገረው ይችላል። የተጎጂው ሕክምና ዓመት ይፈጃል፤ የካሳው ክርክር ደግሞ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ሦስት አራት ዓመት ይቆያል። አረቦኑ ግን ቀድሞ ተሰብስቧል። ስለዚህ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ኩባንያው አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ እስከ ዛሬ ለደረሰው ጉዳት ገና ያልከፈልኩት ስንት ነው?

መልሱ መጠባበቂያ ተብሎ በዕዳ ይመዘገባል። ከውስጡ አስቸጋሪው ክፍል ባለሙያዎቹ አይቢኤንአር የሚሉት ነው፤ ጉዳቱ ደርሷል፣ ባለጉዳዩ ግን ገና የኩባንያውን በር አላንኳኳም። ግምቱ ካነሰ ኩባንያው ያላገኘውን ትርፍ ለባለአክሲዮን ያከፋፍላል፤ በዚያ ላይ የዘንድሮውን መድን በተሳሳተ ወጪ ላይ ተመሥርቶ በርካሽ ይሸጣል።

ይህን ግምት የሚሠሩት አክቹዋሪዎች ናቸው። በአሜሪካ የንብረትና የኃላፊነት መድን አክቹዋሪዎች ማኅበር የሆነው ካዡዋልቲ አክቹዋሪያል ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። አባል መሆን የፈለገ ተከታታይ ፈተናዎችን ያልፋል፤ አምስተኛው ፈተና ከአረቦን ተመን ጋር የመጠባበቂያን ስሌት ይጠይቃል። ለዚህ ክፍል ዋናው መማሪያ የጃክሊን ፍሪድላንድ መጽሐፍ ሲሆን ከ400 ገጽ በላይ ነው። ረቂቅ ሒሳብ እጠብቃለሁ ብሎ የገለጠው ሰው ይገረማል። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሁሉ ስሌቱን ይከተለዋል። ክብደቱ ሌላ ቦታ ነው።

መሣሪያው ሦስት ማዕዘን ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ልፍጠር። በ2013 ዓ.ም. ለደረሱ አደጋዎች አንድ ኩባንያ በመጀመሪያው ዓመት 40 ሚሊዮን ብር ከፈለ፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ድምሩ 60፣ በሦስተኛው 66 ሚሊዮን ደርሶ ፋይሉ ሁሉ ተዘጋ። የ2014ቱ በመጀመሪያው ዓመት 50፣ በሁለተኛው 75 ሚሊዮን ላይ ነው። የ2015ቱ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ 60 ሚሊዮን ተከፍሎበታል። ረድፎቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ያጥራሉ፤ ባዶ የቀረው ጥግ ገና የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

ቼይን ላደር የሚባለው ዘዴ ያንን ጥግ ባለፉት ዓመታት ልክ ይሞላዋል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ዓመት 90 ሚሊዮኑ 135 ሆኗል፤ 1.5 እጥፍ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 60 የነበረው 66 ሆኗል፤ 1.1 እጥፍ። እንግዲህ የ2014ቱ 75 በ1.1 ሲባዛ 82.5 ይሆናል፤ የ2015ቱ 60 ደግሞ በ1.5 ከዚያም በ1.1 ሲባዛ 99 ሚሊዮን። የተከፈለውን ስንቀንስ 7.5 እና 39፣ በድምሩ 46.5 ሚሊዮን ብር ይቀራል። አለቀ።

ስሌቱ አለቀ እንጂ ሥራው አላለቀም፤ ዘዴው ነገም እንደ ትናንት ይሄዳል ብሎ አምኗልና። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ተጋጭቶ ከዚያ በኋላ ጋራዥ የገባ መኪና መለዋወጫው በስንት እንደሚገዛ፣ የድሮው 1.5 ከየት ያውቃል?

ሌላም ድክመት አለው። ለ2015ቱ አደጋዎች አንድ ትልቅ ፋይል ቶሎ ተዘግቶ 10 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ቢከፈል፣ ቼይን ላደር መጠባበቂያው በ6.5 ሚሊዮን ይደግ ይላል፤ ከፋዩ በከፈለ ቁጥር ቀሪ ዕዳው የሚጨምር ይመስል። ለዚህ መላ ያመጡት በጄኔራል ሪ የጠለፋ መድን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሮናልዶች ናቸው፤ ሮናልድ ቦርንሁተርና ሮናልድ ፈርጉሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ። መላቸው ከተከፈለው ሳይሆን አስቀድሞ ከታሰበው ካሳ ይነሣል። የ2015ቱ አረቦን 120 ሚሊዮን ነበር፣ ከዚያም 70 በመቶው ለካሳ ይውላል ተብሎ ታስቦ ነበር እንበል፤ 84 ሚሊዮን። በሠንጠረዡ መሠረት በአንድ ዓመት ዕድሜ ያልተከፈለው ድርሻ (ከ99ኙ 39ኙ) 39.4 በመቶ ገደማ ስለሆነ መጠባበቂያው 33.1 ሚሊዮን ይሆናል። ያ ትልቅ ፋይል ቢዘጋም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። በእርግጥ 70 በመቶው ራሱ በሥራ አስኪያጁ ምኞት ዝቅ የተደረገ ከሆነ፣ መላው ምኞቱን ወደ ዕዳው መዝገብ ያስገባዋል።

የቱ ትክክል ነው? እኔ የፈተናው እውነተኛ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ መልሱም ከሠንጠረዡ ውጭ ነው። ፍሪድላንድም አክቹዋሪው ስሌት ከመጀመሩ በፊት ከኩባንያው ኃላፊዎች ጋር ተቀምጦ የሚጠይቀውን ትዘረዝራለች። የካሳ ክፍሉ አዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ ፋይል በፍጥነት መዝጋት ጀምሯል? ገማቾቹ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዙት ገንዘብ ከድሮው ከፍ ብሏል? በርክዊስትና ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1977 እንዲህ ያለ ለውጥ ሠንጠረዡን ሲያዛባ የሚታረምበትን ስልት አውጥተዋል፤ ለውጡ መኖሩን ግን ሰው ካልጠየቁ አይደርሱበትም።

ጥርጣሬውንም በቁጥር መግለጥ ይቻላል። ጀርመናዊው ቶማስ ማክ እ.ኤ.አ. በ1993 የቼይን ላደር ግምት ምን ያህል ሊስት እንደሚችል የሚለካ ቀመር አሳተመ። ነገሩ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ከአውስትራሊያ ትልልቅ መድን ድርጅቶች አንዱ የነበረው ኤችአይኤች በመጋቢት 2001 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ጉድለቱ እስከ 5.3 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገመተ። በዳኛ ኔቪል ኦወን የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የውድቀቱን ዋና ምክንያት ለወደፊት ካሳዎች በቂ መጠባበቂያ አለመያዝ ነው አለ። ድርጅቱ የያዘው ማዕከላዊውን ግምት ብቻ ነበር፤ ከላዩ የጥንቃቄ ጭማሪ አልነበረውም። ማዕከላዊ ግምት ማለት ደግሞ የማነስ ዕድሉ ከመብለጥ ዕድሉ ብዙም የማይለይ ቁጥር ነው። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከዚያ በኋላ ባወጣው ደንብ መድን ሰጪዎች መጠባበቂያቸው ቢያንስ በ75 በመቶ ዕድል በቂ እንዲሆን አስገደደ።