ክንዱ የተለወጠ መለኪያ

ከዲማ ወደ ደጀን፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያሽከረክር ሾፌር የኪሎሜትሩ መርፌ 80 ላይ ስትቆም በ80 እየሄደ እንደሆነ ያምናል። ኪሎሜትሩ ግን የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት ንድፍ ከካምቢዮ የሚነሳ ገመድ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ በአጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ ሊያስከትለው ይጎትተዋል፤ ጽዋው ከቀጭን ሞላ ጋር እየታገለ መርፌዋን ያነሳታል። የዛሬ መኪኖች በገመዱ ፋንታ ሴንሰር ቢኖራቸውም ዙር መቁጠራቸው አልቀረም። ዙሩን ወደ ርቀት የሚመነዝረው ፋብሪካው ያሰበው የጎማ ልክ ነው። ነገሩ ሸማን በክንድ እንደመለካት ነው፤ ቆጠራው አሥር ክንድ ቢልም የጨርቁ ርዝመት የሚወሰነው በለካው ሰው ክንድ ነው።

ጎማው ላይ 195/65 አር15 ተብሎ ከተጻፈ ስፋቱ 195 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች ነው። ተደምሮ ከዳር እስከ ዳር 634.5 ሚሊሜትር ይሆናል። መኪናው ከመሬት ከፍ እንዲል በዚያው ቸርኬ 205/70 ቢገጠም ልኩ 668 ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚሄደው ርቀት 5.3 በመቶ ያህል ይረዝማል። ኪሎሜትሩ ቀድሞ ልክ ከነበረ መርፌዋ 80 ስትል መኪናው ከ84 በላይ ይሄዳል። በተቃራኒው 8 ሚሊሜትር የነበረው የጎማ ጥርስ ወደ 1.6 ሲያልቅ ጎማው 2 በመቶ ያህል ስለሚያንስ መርፌዋ ከእውነቱ አብልጣ ትናገራለች።

«ፋብሪካው ራሱ አስበልጦ ስለሚያሳይ ይካካሳል» የሚሉ አሉ። መሠረት የሌለው ክርክር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ ኪሎሜትር ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አስበልጦ ግን እስከ 10 በመቶና 4 ኪሎሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ስለዚህ በ80 የሚሄድ መኪና 92 ቢያሳይ ደንቡን አልጣሰም። ነገር ግን ይኸው ደንብ ልክ 80 ማሳየትንም ይፈቅዳል። ሾፌሩ የእሱ መኪና ምን ያህል ትርፍ እንዳላት ሳያውቅ ትርፉን በትልቅ ጎማ ሊበላው አይገባም። «4 ኪሎሜትር ምን ያመጣል?» ለሚልም መልሱ ፍሬኑ ዘንድ ነው፤ የመኪና የእንቅስቃሴ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ የ5.3 በመቶ ጭማሪ ፍሬኑ የሚውጠውን ኃይል 11 በመቶ ያህል ያበዛዋል። ወደ ዓባይ የሚወርድ የጫነ መኪና ደግሞ የሚተርፍ ፍሬን የለውም። የተጓዘው ርቀትም አንሶ ስለሚቆጠር የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቀጥ ባለ ሜዳማ መንገድ፣ በሁለት ተከታታይ የኪሎሜትር ድንጋዮች መካከል፣ ሾፌሩ መርፌዋን 60 ላይ ሲያጸና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሰዓት ይያዝ። 3600 ለተቆጠረው ሰከንድ ሲካፈል እውነተኛው ፍጥነት ይገኛል፤ 60 ሰከንድ ከሆነ ኪሎሜትሩ ልክ ነው፣ 57 ከሆነ መኪናው ከ63 በላይ ይሄዳል። የስልክ ጂፒኤስም በጸና ፍጥነት ይረዳል፤ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ግን ይዘገያል። የሻጩን ክንድ የተጠራጠረ ሸማ ገዢ ጨርቁን በራሱ ክንድ ደግሞ ይለካው የለ? ጎማ የቀየረም ከጎሚስታው እንደወጣ እንዲሁ ያድርግ።