ቤተ መጻሕፍት በጋራ ሲገዙ፦ የአባላት መዋጮ አወሳሰን



እዚሁ ሹም አቦ እድር ያለው ሰው የዛሬውን ጥያቄ ግማሹን ያውቀዋል። በእድር ባለሱቁም ጡረተኛውም የወር መዋጮውን እኩል ያወጣል፤ ሐዘን ማንን ቀድሞ እንደሚጎበኝ አይታወቅምና እኩልነቱ ማንንም አያስከፋም። የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶችን በጋራ በሚገዙ ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ግን ማን አብዝቶ እንደሚጠቀም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ክርክሩም ከዚያ ይነሳል።

አሥር ዩኒቨርሲቲዎች 10 ሚሊዮን ብር ሊያዋጡ ተስማሙ እንበል። እኩል ቢካፈሉ እያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ይህም 40 ሺህ ተማሪ ላለው በነፍስ ወከፍ 25 ብር፣ 4 ሺህ ላለው 250 ብር ነው። ትንሹ ይወጣል። ተማሪዎች በሚያወርዱት ጽሑፍ ብዛት እናስከፍል ብንል ደግሞ ተማሪዎቹን በትጋት ያሠለጠነው ቤተ መጻሕፍት ይቀጣል። እኔ የምደግፈው ድብልቁን ነው፦ ግማሹ እኩል፣ ግማሹ በተማሪ ቁጥር። የአሥሩ ተማሪዎች በድምሩ 100 ሺህ ቢሆኑ ትልቁ 2.5 ሚሊዮን፣ ትንሹ 700 ሺህ ብር ይከፍላል። ትልቁ ማጉረምረሙ አይቀርም፤ ብቻውን ቢገዛ ከሚያወጣው እስካልበለጠበት ድረስ ግን አይወጣም።

በነጻ የሚገኝ አለ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ጀምሯል፤ ኢትዮጵያም በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ አንዳንድ አሳታሚዎች መጽሔቶቻቸውን ለባንግላዲሽ ዘጉ፤ የከፈቱት ተቃውሞ ከበረታ በኋላ ነው። ያልከፈለ አባል በምን ውል ይሟገታል?

ከሁሉ የሚከብደው የምንዛሬው ጉዳይ ነው። በጀታችን በብር ሆኖ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የአሳታሚዎች ሂሳብ በአብዛኛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያ ወር መጀመሪያ መዋጮውን በብር የቆረጠ ጥምረት ቢኖር፣ በሳምንታት ውስጥ የመግዛት አቅሙ ክፉኛ በተመናመነ ነበር። ስለዚህ የጥምረቱ ደንብ የእያንዳንዱን አባል ድርሻ በመቶኛ ይደንግግ፤ የብሩ መጠን ክፍያው በሚፈጸምበት ዕለት ምንዛሬ ይሰላ፤ ከመዋጮውም ጥቂቱ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ።

በጀቱ ዘግይቶ የተለቀቀለት አባል ወዲያው ከተቋረጠበት የሚጎዳው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው ተማሪ ነው። የመታገሻ ጊዜውን በወራት ቆጥሮ ያላስቀመጠ ረቂቅ ደንብ ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም።