አምፖሉ የሚታዘዘው ማንን ነው?

የቤት ዕቃዎችን በአንድ ትእዛዝ የማሠራት ሙከራ ኢንተርኔት ቤት ከመግባቱ በፊት የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ የሚገኘው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የሠራው ኤክስ10 መልእክቱን የሚልከው በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ በኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዚ-ዌቭ፣ ዚግቢ፣ ዋይፋይና ትሬድ የተባሉ ገመድ አልባ የመገናኛ ዘዴዎች መጡ፤ እያንዳንዱ አንድ ችግር ሲፈታ ሌላ አጥር አቆመ። ዛሬም አምፖሉን ከአንድ ኩባንያ፣ የበሩን ቁልፍ ከሌላ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ከሦስተኛ የገዛ ሰው ሦስት አፕና ሦስት የይለፍ ቃል ይጠብቁታል። ብዙዎች ይህን የቴክኒክ ጉድለት ብቻ አድርገው ያዩታል። ለእኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ትእዛዙ የሚያልፈው በቤቱ ውስጥ ነው ወይስ በኩባንያው ሰርቨር?

የቴክኒኩ ልዩነት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ዚ-ዌቭ አሜሪካ ውስጥ በ908፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ቁልፍ ከአውሮፓ ከመጣ መቆጣጠሪያ ጋር አይገናኝም። ዚግቢ በአብዛኛው የሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ግን በየአገሩ የተፈቀደ ነው። ሞገዱ አንድ ቢሆንም እንኳ ዕቃዎቹ ምን እንደሆኑና ምን መሥራት እንደሚችሉ የሚገልጹበት የጋራ ደንብ ያስፈልጋቸዋል። አማዞን፣ አፕል፣ ጉግልና የዚግቢ ኅብረት በ2019 መጨረሻ የጀመሩት፣ በኦክቶበር 2022 ማተር በሚል ስም የወጣው ስምምነት ይህንን ደንብ አበጀ። አንድ የማተር አምፖል ላይ ያለውን ኮድ በስልክ ካሜራ ያነበበ ሰው አምፖሉን በአፕልም በጉግልም አፕ ሊያዝዘው ይችላል። ቤት ውስጥ ሆኖ «አጥፋ» ሲል ደግሞ መልእክቱ ከስልኩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ከግቢ መውጣት አያስፈልገውም።

በማተር ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም በተቃራኒው መንገድ የሄዱት ምን እንደደረሰባቸው ታይቷል። ሪቮልቭ የተባለው መቆጣጠሪያ 300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ኩባንያውን በ2014 የጉግል የነበረው ኔስት ገዛው፤ በሜይ 2016 ሰርቨሩ ሲዘጋ በየቤቱ ያለው ዕቃ ምንም ሳይሰበር ከሥራ ውጭ ሆነ። በኤፕሪል 2022 ደግሞ ኢንስቲዮን የተባለ ሌላ ኩባንያ ሰርቨሮቹን ለደንበኞቹ ሳይነግር አጠፋ። አፑ ቢዘጋም፣ ዕቃዎቹን ሆም አሲስታንት ከሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ጋር በቤታቸው ውስጥ ያገናኙ ሰዎች መብራታቸውን ማዘዝ ቀጠሉ። ዕቃው ያው ነው፤ የለየው የትእዛዙ መንገድ ነው።

ሁሉንም ከአንድ ኩባንያ ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ለጊዜው ይሻላል፤ ነገር ግን የበር ቁልፍና ማብሪያ ማጥፊያ ለዓመታት የሚገጠሙ ናቸው፤ ኩባንያ ግን ይሸጣል፣ ይከስራል፣ ሐሳቡንም ይቀይራል። ሰርቨር ከሌለ ከሩቅ ሆኖ ቤትን መቆጣጠር አይቻልም የሚለው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። ሆኖም ሰርቨሩ ለሩቁ ሰው ተጨማሪ መንገድ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሳሎን ለተቀመጠው ሰው ብቸኛው መንገድ መሆኑ ግን ሌላ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር፣ በእኛም ጭምር፣ ይህ ልዩነት በየሳምንቱ የሚታይ ነው። ማተር ገና ያልተሟላ ነው የሚሉት ደግሞ እውነት አላቸው፤ የመጀመሪያው እትም ካሜራን አላካተተም፣ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ የተጨመሩት በ2023 ነው፣ የኩባንያዎቹ አፖችም አዲሱን እትም የሚከተሉት እየዘገዩ ነው። ስለዚህ የማተር ምልክት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ይህ ዕቃ ከስልኬ ይታዘዛል? ከተቻለም እዚያው ኢንተርኔቱን አስነቅለው ያስሞክሩ፤ ካልታዘዘ ሌላ ይምረጡ።