ኮዱን የላክሁ ዕለት

ማክሰኞ ማታ ከጎረቤቴ በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። «እህቴ፣ የእኔ ኮድ በስህተት አንቺ ጋ መጥቷል፤ አምስቷን ቁጥር ላኪልኝ» ይላል። 20 ዓመት ቡና አብረን የጠጣን ሰዎች ነን፤ ላክሁላት። እሷም በዚሁ ተንኮል ቀድማ መዘረፏን ማን ነግሮኝ!

ሌሊቱን በእኔ ስም ለእድርተኞቻችን «ሆስፒታል ነኝ፣ ብር ቸግሮኛል» የሚል ተበተነ። ሁለት ሴቶች ላኩ፤ አንዷ የወር ጡረታዋን። ጠዋት «ተሻለሽ ወይ?» ብለው ሲደውሉልኝ ነው ነገሩ የገባኝ። አፈርሁ። ለልጄ እንኳ አልተነፈስሁም። በማግስቱ የገዛ ቴሌግራሜ አስወጣኝ።

የምትቆጨኝ ያቺ አንድ ቀን ናት። ለካ አዲስ የገባ ስልክ ባለቤቱን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ አንድ ቀን ያህል ይጠብቃል። እስከዚያ «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ የማያውቁትን ስልክ ማባረር ይቻላል። ልጄ ይህን ያውቅ ነበር፤ እኔ አልጠየቅሁትም እንጂ።

በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርሁ። ሦስት ሰዎች «እኔም» አሉ፤ አንዱ ገንዘብ ያዣችን ናቸው! እኛ ተሸፋፍነን ዝም ስንል ሌባው ከቤት ቤት ሲዞር ከርሟል።

የጸሐፊያችን የልጅ ልጅ የሁላችንንም ስልክ ተራ በተራ እየያዘ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን አበራልን። ከዚህ ወዲያ ኮዱ ሌባ እጅ ቢገባ እንኳ ያለ ይለፍ ቃል አይከፍትም። ይለፍ ቃሉን ስንጽፍ ልጁ ፊቱን ማዞሩ ደስ አለኝ። አንዲት እናት በውዳሴ ማርያማቸው ጀርባ ላይ ጻፉት። ሌባው ያለው ስልክ ውስጥ እንጂ ጓዳቸው አይደለም፤ ይሁን ብለናል።

ደንብም አወጣን። ብር የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ በመደበኛ ስልክ ይደወላል፤ ካልተነሳ ሰው ቤቱ ድረስ ይሄዳል። «ድሮስ ጡሩምባ ነፊውን በድምፁ አልነበር የምናውቀው?» አሉ አንድ አባት። የታመመ ሰው ጉዳይ፣ ለጉዞ ተዘግቶ የሚሰነብት ቤት ከእንግዲህ ቡድኑ ላይ አይጻፍም። የቴሌግራም ቡድን መልእክት እንደ ዋትስአፕ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አይደለምና። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ሲገባበት የነበረውንም መግቢያ ዘጋነው።

ጡረታዋን ለተበላችው እህቴ ግማሹን ከፍያለሁ። ቀሪውን ለፋሲካ ብያታለሁ። «መች ጠየቅሁሽ?» ትላለች፤ ቡና ግን እንደ ድሮው ትጠራኛለች።